ጥላ ለያዘው አጥር የሚሆን ሐረግ እንዴት ይመረጣል?

በሱሉልታም ሆነ በለገጣፎ፣ በሰበታም ሆነ በኮዬ ፈጬ አዲስ ግቢ የያዘ ሰው አጥሩን እንደጨረሰ ችግኝ ጣቢያ ሄዶ ዓይኑን የሳበውን አበባ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ቦገንቪላ ነው። ቦገንቪላ ደግሞ ፀሐይ ካላገኘ ቅጠልና እሾህ ሆኖ ይቀራል። ጥላ ላለበት አጥር ከአበባው በፊት ጥላውን ማየት ይቀድማል።

ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር ላይና ከቀኑ 9 ሰዓት ወጣ ብላችሁ ፀሐይ አጥሩን የት እንደምትነካ ምልክት አድርጉ። በአዲስ አበባ አካባቢ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ የግንቡ ሰሜናዊ ጎን በጋውን ሙሉ ጥላ ነው፤ 2 ሜትር የሚሆን አጥር በታኅሣሥ ቀትር ከ1 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። ጥላው ከምን እንደመጣም እዩ። ከጎረቤት ፎቅ የሚመጣው ጥላ እርጥበት ያቆያል። የባሕር ዛፍ ጥላ ግን ደረቅ ነው፣ ሥሩ ውሃውን ቀድሞ ይጠጣዋል፤ እዚያ የተተከለ ሐረግ በጋውን በሙሉ ካልጠጣ አይዘልቅም።

ቀጥሎ አጥሩ ከምን እንደተሠራ አስቡ። አይቪ የሚባለው ሐረግ በግንዱ ላይ በሚያወጣቸው ትንንሽ ሥሮች ብሎኬትና ድንጋይ ላይ ራሱ ይለጠፋል። የተሰነጠቀ ግንብ ላይ ግን አትልቀቁት፤ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ሌሎቹ ሐረጎች የሚጠመጠሙበት ይፈልጋሉ። የቆርቆሮ አጥር ከሆነ ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው ቋሚ ሽቦ ወጥሩ።

አሁን ወደ ምርጫው። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ጠምበለልን ነው። ጠምበለል የደጋችን የጫካ ሐረግ ናት፤ ሥሯ ከዛፍ ጥላ በታች ሆኖ ጫፏ ወደ ብርሃን መውጣት ልማዷ ነው። በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ትገኛለች። ቅጠሏ ወፍራም፣ አንጸባራቂና ሦስት ሦስት እየሆነ የሚወጣ ነው፤ በጋም አይረግፍም። አበባዋ ነጭ ሆኖ ከውጭ በኩል ሐምራዊ ነካ ያደርገዋል፤ ሽታዋ ደስ ይላል። ከደን ነቅሎ ማምጣት አያስፈልግም፣ ነውርም ነው። ጠምበለል ያለው ሰው ካወቃችሁ አንድ ቅርንጫፍ ሳይቆረጥ ተጎንብሶ አንጓው አፈር እንዲለብስ ጠይቁት፤ ሥር ሲያወጣ ቆርጣችሁ ትወስዳላችሁ።

አዞ ሐረግም የአገራችን ነው። ነጭ አበባው ሲያልፍ ፍሬው እንደ ላባ ይሆናል። ነገር ግን ይከብዳል፣ ደካማ አጥር ያጎብጣል፤ ጭማቂውም ቆዳ ስለሚያቃጥል ሲቆረጥ ጓንት ይደረጋል። ግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ ካላችሁ እንዶድ ይሆናል፤ ፍሬው ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል። ፍሬው ዓሣና ቀንድ አውጣ ስለሚገድል ውሃ ዳር አትትከሉት። ጨለም ያለው ጥግ ለአይቪ ይተው፤ ቅጠሉና ፍሬው መርዛማ ስለሆነ ግን ሕፃናትና ፍየሎች እንዳይደርሱበት ይሁን።

የመትከያው ጊዜ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ፣ ዝናቡ መሬቱን ካራሰ በኋላ ነው። ጉድጓዱን ከግንቡ 30 ሴንቲ ሜትር አርቁት፤ ግንቡ ሥር ዝናብ በደንብ አይደርስም፣ ግንበኞች የጣሉት የሲሚንቶ ስብርባሪም እዚያው ተቀብሯል። ስብርባሪውን ለቅማችሁ አውጡ። ጎኑና ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይበቃል፤ ያወጣችሁትን አፈር ከበሰለ የከብት ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱ። መሬታችሁ ጥቁር አፈር ከሆነ ጉድጓድ ብቻ አይበቃም። ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። እዚያ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ ትከሉ፤ በጋ ሲገባ ላዩን በሣር ሸፍኑት።

በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለቴ ሥሩ ድረስ የሚዘልቅ ውሃ አጠጡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚመታው በሱሉልታ በኩል ከሆናችሁ ችግኙን ማታ በጆንያ ሸፍኑ፣ ጠዋት ግለጡ። ቡቃያዎቹን ቀጥ ብለው ወደ ላይ ከመሮጣቸው በፊት ወደ ጎን እየመራችሁ ሽቦው ላይ እሰሩ፤ ያለዚያ አጥሩ ከላይ ብቻ ለምልሞ ከሥሩ ይራቆታል። ጠምበለልን ከአጥሩ ጫፍ ስታልፍ፣ አበባዋ ካለቀ በኋላ ቁረጧት።