ለጋሪና ለኮርቻ ፈረስ የሚስማማ ልጓም አመራረጥ

ፈረስ ሲሳብ አፉን ከከፈተ፣ ራሱን ወደ ላይ ከወረወረ ወይም ልጓም ሲያይ ጥርሱን ገጥሞ እምቢ ካለ፣ ብዙ ሰው «አፈ ደንዳና ነው» ብሎ የባሰ ብረት ይገዛለታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያስቸግረው የአፉ ሕመም ነው። የባሰ ብረት ሕመሙን ያባብሳል፤ ፈረሱም ሸሽቶ የሚያመልጥ እየመሰለው ይበልጥ ይጎትታል።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት አፉን ይዩ። ልጓም የሚያርፈው በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ባለው ባዶ ድድ ላይ ነው። እዚያ ያለው ስስ ቆዳ ነው፤ ከሥሩ ወዲያው አጥንት አለ። ከጎን ቆመው አውራ ጣትዎን በከንፈሩ ጥግ ያስገቡና ድዱን በቀስታ ይዳብሱ። ያበጠ ወይም የቆሰለ ቦታ ካለ፣ ወይም ሲነካ ራሱን የሚመነጭቅ ከሆነ፣ እስኪድን ብረት አይግባበት። ውኃ አፍልተው ያቀዝቅዙ፤ በ1 ሊትሩ 2 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ቁስሉን ይጠቡ። በአንዳንድ ፈረስ ላይ ከላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ፊት ትንሽ ጥርስ ትበቅላለች። ልጓሙ እየነካት ካመመችው የእንስሳት ሐኪም ይንቀላት።

ቀጥሎ የአፉ ስፋት ይለካል። ሲባጎ በአፉ አግድም አሳልፈው፣ ከንፈሩን ሳይጫኑ በሁለቱም የከንፈር ጥጎች ላይ ምልክት ያድርጉና በሜትር ይለኩት። በቀዳዳው ውስጥ የሚሽከረከር ቀለበት ላለው ልጓም በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ይጨምሩ፤ ቀለበቱ የማይሽከረከር ከሆነ በየጎኑ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለምሳሌ አፉ 11.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ቀለበቱ የሚሽከረከር ልጓም 12.5 መሆን አለበት። ልጓሙን ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርገው ከቀለበት እስከ ቀለበት የውስጡን ይለኩ። የጠበበ ልጓም ጉንጩን ከመንጋጋው ጥርስ ጋር ያጣብቀዋል። የሰፋው ደግሞ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ የከንፈሩን ጥግ ይልጣል። የአገራችን ፈረስ አጠር ያለ ነውና ለትልልቅ የውጭ ፈረሶች የተሠራ ልጓም ብዙ ጊዜ ይሰፋዋል።

ውፍረት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ሽቦ ድዱን ይቆርጣል፤ ያው ጉልበት በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ይሁንና «ወፍራም ሁሉ ለስላሳ ነው» የሚባለውም ትክክል አይደለም። ምላሱ ወፍራም፣ ላንቃው ዝቅ ያለ ፈረስ አፉ ውስጥ ቦታ ስለሌለው ወፍራም ብረት ይጨንቀዋል። በባዶው ድድ በኩል ሁለት ጣት ጎን ለጎን አስገብተው ይሞክሩ፤ ከላይና ከታች አጥብቆ ከጨመቃቸው ቀጠን ያለ ይምረጡ። ለአብዛኛው ትንሽ ፈረስ ከቀለበቱ አጠገብ ሲለካ ከ14 እስከ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ይስማማል።

ቅርጽን በተመለከተ፣ መሐሉ ላይ አንድ መጋጠሚያ ብቻ ያለው ልጓም ዛቡ (በእጅ የሚያዘው መሳቢያ ጠፍር) ሲሳብ ታጥፎ እንደ ጉጠት ምላሱን ይጨብጣል፤ ጫፉም ላንቃውን ሊወጋ ይችላል። ሁለት መጋጠሚያ ኖሮት መሐሉ ላይ ለስላሳ ፍሬ ያለው በምላስ ላይ የተሻለ ያርፋል። ባህላዊው የታችኛውን መንጋጋ የሚከብበው ባለቀለበት ልጓም ጉግስ ላይ ፈረስን ባፍታ ያቆማል፤ የእጅን ጉልበት ግን አብዝቶ ያስተላልፋል። ዛብን ለመደገፊያ በሚይዝ ጀማሪ እጅ ወይም ጋሪ ላይ ቀኑን ሙሉ መሳብ ባለበት ሥራ መንጋጋ ያቆስላል። ለጋሪ ፈረስ የእጅን ጉልበት የሚያበዛ ማንሻ የሌለው ቀላል ልጓም ይሻለዋል።

በጋሪ ፈረስ አፍ ላይ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ከፌሮ ወይም ከሽቦ የተሠራው ልጓም ነው። የፌሮው ጥርስ እንደ ሞረድ ይፈገፍጋል፤ ዝገቱም ይጨመርበታል። ካላማዳሪ ጠቅልሎ ማለስለስ መፍትሔ አይደለም፤ ፈረሱ አኝኮ ይቀደዋል፣ ከሥሩም ቆሻሻ ይጠራቀማል። ብረት ሠሪ ዘንድ የሚያሠሩ ከሆነ ድቡልቡል ለስላሳ ብረት ያስመርጡ። የብየዳው እብጠት በሞረድ ተልጎ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ከዚያ የተባዘተ ጥጥ በብረቱ ዙሪያ ይጎትቱ። ክሩ የተንጠለጠለበት ቦታ ሁሉ ከንፈርንም ይይዛል፤ እንደገና ይላግ። ቀለበቱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ አይርሱ፤ ሲያረጅ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሳላል።

ሲያስሩት የሁለቱን ጉንጭ ጠፍር እኩል ያድርጉ። ብረቱ የከንፈሩን ጥግ ነክቶ ቢበዛ አንድ ቀጭን መጨማደድ ማሳየት አለበት። ሁለትና ሦስት ከታየ ተወጥሯል፤ ምንም ሳይነካ ከተንጠለጠለ ወንዱን ፈረስ ክራንቻው ላይ ይመታዋል፣ ምላሱንም ከብረቱ በላይ ማሳለፍ ይለምዳል። በአፍንጫው አጥንትና በላዩ በሚያልፈው ጠፍር መካከል ሁለት ጣት ይግባ። በጉሮሮው ሥር በሚያልፈው በኩል ደግሞ ጭብጥ ሙሉ እጅ።

የመጀመሪያውን ቀን ያለ ጋሪ፣ ያለ ጭነት 20 ደቂቃ ያህል ያስኬዱት። ካወለቁ በኋላ ከንፈሩን ገልብጠው የቀላ ወይም የተላጠ ቦታ ይፈልጉ፤ ካለ ወደ ልኩ ይመለሱ። ለሐጭ ከገለባ ጋር ሲደርቅ ብረቱን ያሻክራልና ከሥራ በኋላ ሁልጊዜ በውኃ ይታጠብ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም አገር ጠዋት ብረቱን በእጅዎ አሙቀው ያግቡለት።