ደብረ ሊባኖስ ከእናትና ከልጆች ጋር፦ አንድ ሙሉ ቀን

እማዬ ደብረ ሊባኖስ የምትሄደው ለጸበል ነው። ልጆቼ የሚሄዱት ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ነው። እኔ መኪናውን እነዳለሁ። ለዓመታት ሁለቱን ስወስድ ስመልስ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ቀኑን በቅደም ተከተል ካልያዛችሁት አንዱ ወገን አዝኖ ይመለሳል። ጠዋቱን ለገዳሙ ስጡት። ከምሳ በኋላ ያለውን ጭላዳዎቹ ላሉበት ገደል። ስንገለብጠው ሁሌም ተበላሽቶብናል።

ከሁሉም በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። እኔ ከመሄዳችን አንድ ቀን ቀደም ብዬ የፍቼ መስመር ሹፌር ጋ እደውላለሁ። እዚያ አካባቢ ዘመድ ያለው ጎረቤትም አለኝ። “ነገ ይቅርባችሁ” ካሉኝ ይቀራል። ገደሉ የትም አይሄድም።

ጊዜውን ከመረጣችሁ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ተወዳዳሪ የለውም። ክረምቱ ገና ስለወጣ ፏፏቴው ውሃ አለው፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ የሱሉልታ ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። አንድ ጊዜ በሐምሌ ሄደን ጉሙ ሸለቆውን እንዳለ ሸፍኖት ዋለ። ልጆቹ ከነጭ ግድግዳ በቀር ምንም ሳያዩ ተመለሱ። ከየካቲት በኋላ ደግሞ ሰማዩ ክፍት ነው፣ ፏፏቴው ግን ይደርቃል።

ሕዝቡን ማየት ከፈለጋችሁ የተክለ ሃይማኖት በዓላት አሉ፦ ነሐሴ 24፣ ታኅሣሥ 24 እና ግንቦት 12። ያን ቀን መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ይሞላል። ለማየት ልብ የሚነካ ነው። ትንንሽ ልጆችና ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዞ መሄድ ግን ከባድ ነው። እኛ ተራ ቅዳሜ እንመርጣለን።

ከአዲስ አበባ 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦን ተሻግራችሁ በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሙከጡሪና በደብረ ጽጌ ታልፋላችሁ። ፍቼ ሳትደርሱ በስተቀኝ የገዳሙ መገንጠያ አለ። መኪና የሌለው የፍቼን ሚኒባስ ይዞ መገንጠያው ላይ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ገዳሙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው። ሲመለሱ ዳገት እንደሚሆን አትርሱ። ከሽማግሌ ጋር ከሆናችሁ መመለሻውን መኪና አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ነጠላ ያዙ። ሴቶች ረዥም ቀሚስ ልበሱ። ጫማችሁ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን፣ ግን ሶሉ የማያንሸራትት። ይሄን የምለው ከሰዓት በኋላ ስለምትራመዱበት ነው። ለጸበሉ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ጀሪካን ከቤት ያዙ። አንድ ዓመት የኛ ክዳን ላልቶ ግማሹ መኪናው ምንጣፍ ላይ ፈሶ እማዬ እስከ ቤት ድረስ አዝናለች።

ገዳሙን ያቀኑት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፣ በ13ኛው መቶ ዘመን። ያኔ ስሙ ደብረ አስቦ ነበር። ደብረ ሊባኖስ ያሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። አሁን የምታዩትን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1950ዎቹ አሠሩት። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ባለቀለሙ መስታወት ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይጥላል። ትንሿ ልጄ መዳፏን እዚያ ቀለም ላይ ዘርግታ ትቆማለች። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ጠይቁ።

እማዬ ሁሌም ጧፍ የምታበራው ለሰማዕታቱ ነው። እኔም ልጆቼ ይሄን ሳይሰሙ ከዚያ ግቢ እንዲወጡ አልፈልግም። የየካቲት 12ቱን የቦምብ ጥቃት ሰበብ አድርጎ የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ለበዓሉ የተሰበሰቡትን መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ምእመናን አስረሸነ። ጣሊያኖቹ ራሳቸው የመዘገቡት በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። በኋላ የተደረገው ጥናት ከ1,400 በላይ ያደርሰዋል። ለልጅ ሲነገር አጭር ይሁን፣ ግን ይነገር። ልጄ “ለምን መነኩሴ ይገድላሉ?” ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። እማዬ እጇን ይዛ ጧፉን አብረው አበሩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ላይ ጻድቁ የጸለዩበት ዋሻ አለ። በአንድ እግራቸው ለሰባት ዓመት ቆመው የጸለዩት እዚህ ነው ይባላል። መንገዱ ረዥም አይደለም፣ ግን ዳገት ነው። ምርኩዝ ያዙ፣ በየመሃሉ ቁጭ እያላችሁ ውጡ። እናታችሁን አታጣድፉ። እኔ ድሮ ሰዓቴን እያየሁ “እማዬ ቶሎ በይ” እል ነበር። አሁን ልጆቹን ከሷ ፊት አስቀድማቸዋለሁ፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ፣ እሷ በራሷ እርምጃ ትወጣለች። ጸበል እስክትጠጣ ምንም አትቀምስም። የደም ግፊት ኪኒን ስለምትወስድ ግን ሐኪሟን ጠይቀን ሰዓቱን አስተካክለናል። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ኪኒኑን ለጸበል ብላችሁ አታስቁሙ።

ምሳ እኛ ይዘን ነው የምንሄደው፦ እንጀራ፣ የዶሮ አልጫ፣ ለልጆች ዳቦና ሙዝ። ሽሮና ጥብስ የሚሸጥባቸው ቤቶችም አካባቢው ላይ አሉ። ምሳውን መኪና አጠገብ በልታችሁ ጨርሱ። ጭላዳዎቹ ጋ ምግብ ይዛችሁ አትሂዱ።

አሁን ወደ ገደሉ። ከአስፋልቱ ዳር ወደ “ፖርቱጋል ድልድይ” የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። መግቢያ ትከፍላላችሁ። አስጎብኚ ውሰዱ፣ የአካባቢው ልጆች መንገዱንም ጭላዳዎቹ የዋሉበትንም ያውቃሉ። ስሙ የፖርቱጋል ይባል እንጂ ድልድዩን ያሠሩት ሰላሌን ይገዙ የነበሩት የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ። ኖራው በሰጎን እንቁላል የተቦካ ነው ብለው ያወሩታል። ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ ትንሽ ሄዶ ከገደሉ ይወረወራል። ከታች የጀማ ሸለቆ ነው። ያ ሁሉ ውሃ መጨረሻው ዓባይ ነው።

አጥር የለም። ትንንሽ ልጆችን እጅ ለእጅ ያዙ። የኛ ሕግ፣ ከጫፉ አምስት እርምጃ ስንደርስ ሁላችንም እንቀመጣለን የሚል ነው። ቆሞ ማየት የለም። እማዬ ድልድዩ ድረስ አትወርድም። ነጠላዋን አንጥፋ ዛፍ ጥላ ሥር ትቀመጣለች፣ ከዚያም ቢሆን ሸለቆው ይታያታል።

ጭላዳ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ሌሊት ገደሉ ላይ ያድራል፣ ጠዋት ወጥቶ ሜዳው ላይ ሲግጥ ይውላል፣ ከ10 ሰዓት ወዲያ ወደ ገደሉ ይመለሳል። ስለዚህ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ጠርዙ አካባቢ ብትሆኑ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ዋና ምግቡ ሣር ነው። በጣቱ እየነቀለ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይበላል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ራቁት ቆዳ ከሩቅ ይለያል። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው።

አትከተሏቸው። ተቀመጡና ዝም በሉ። ሃያ ደቂቃ ካልተንቀሳቀሳችሁ መንጋው ራሱ እየጋጠ ይቀርባችኋል። የላይኛውን ከንፈር ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ ግን ቅር ብሎታል፣ ቀስ ብላችሁ ራቁ። አንድ ጊዜ ልጄ ቆሎ ወረወረችላቸው። የአካባቢው ሽማግሌ “ልጄ፣ ዛሬ ያበላሽው ነገ የገበሬውን ማሳ ይገባል፣ ገበሬውም በድንጋይ ይመታዋል” አሏት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሲያበላ ስታይ ሄዳ የምትነግረው እሷ ናት።

ወደ ታችም ተመልከቱ። ቀን ገደሉ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጥንብ አንሳዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ሳያራግቡ በሱ ላይ ይንሳፈፋሉ። ብዙ ጊዜ ከናንተ በታች ስለሚበሩ ጀርባቸውን ታያላችሁ።

10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ፣ መሸት ሳይል ከተማ ለመግባት። ሱሉልታ ስትደርሱ ለአንድ ነገር ቁሙ፣ ለወተት። የሰላሌ ወተትና ቅቤ የታወቀ ነው። እኔ ወተት፣ እርጎና አይብ እገዛለሁ። እማዬ የጽጌን ጾም ስለምትይዝ በጥቅምት ወተቱ ለልጆቹ ነው። እሷ ጀሪካኗን በሁለት እግሯ መሃል አጥብቃ ይዛ ትቀመጣለች። ወተቱን ቤት እንደገባችሁ አፍሉት፣ እስከ ማግስቱ አይቆይም።