የእንግሊዝኛ ምንባብ ላይ የ"ኢንፈረንስ" ጥያቄ እየጣለኝ ለተቸገርኩበት ያገኘሁት መፍትሔ

"ኢንፈረንስ" ማለት በቀጥታ ያልተጻፈውን ነገር ምንባቡ ከሚለው ተነስቶ መረዳት ነው። ችግሩ ይሄ ነበር። ምንባቡ ይገባኛል፣ መልሱ በቀጥታ የተጻፈበትን ጥያቄም እመልሳለሁ፤ "ኢንፈር" ወይም "ኢምፕላይ" የሚል ቃል ያለበት ሲመጣ ግን ሁለት ምርጫ መሃል እወዛገብና ሁሌ የተሳሳተውን አከብባለሁ።

መጀመሪያ የቃላት እጥረት መሰለኝ። አዳዲስ ቃላት ሸመደድኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ በየቀኑ ብዙ ምንባብ መሥራት ጀመርኩ፤ እሱም ያንኑ ስህተት መደጋገም ሆነ።

ነገሩ የገባኝ የተሳሳትኳቸውን አንድ በአንድ መልሼ ሳይ ነው። የመረጥኳቸው መልሶች እውነት ይመስላሉ፣ ምንባቡ ውስጥ ግን የሚደግፋቸው መስመር የለም። ለምሳሌ "ሰውዬው ገባና ውሃ የሚያንጠባጥበውን ጃንጥላ በሩ ጥግ አቆመው" ቢል፣ ውጭ እየዘነበ ነበር ማለት ይቻላል። "ሰውዬው ዝናብ ይጠላል" ማለት ግን አይቻልም። እኔ ሁለተኛውን ነበር የምመርጠው፣ ጠለቅ ያለ ስለሚመስል።

አሁን ምርጫዎቹን በወረቀት እሸፍናለሁ። ጥያቄውን አነብና መልሱን በራሴ ቃል ጫር አደርጋለሁ፣ ማስረጃ የሆነኝን መስመር በእርሳስ አሰምርበታለሁ፣ ወረቀቱን የማነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ማስረጃ ያጣሁለትን ምርጫ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እሰርዘዋለሁ። "ኦልዌይስ" እና "ኔቨር" ያለበትን ደግሞ ሁለቴ አየዋለሁ፤ ምንባቡ "ሰምታይምስ" ካለ ያ ምርጫ ከተባለው በላይ ሄዷል።

መጀመሪያ ላይ ጊዜ ይፈጃል፣ ስለዚህ ሰዓት ሳትይዙ ጀምሩ። እጃችሁ ሲለምድ ሰዓት ያዙበት።