ፎቶው ጠቆረ፣ ነጣ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

እኔ ሐዋሳ ሰርግ ነው የማነሳው። ካሜራ የጀመሩ ልጆች ፎቶ ተበላሸብን ብለው ሲመጡ መጀመሪያ የምላቸው፣ ሴቲንግ ከመነካካታችሁ በፊት የተበላሸውን ፎቶ ክፈቱና ሹተር ስፒዱ (ሹተሩ፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ፣ ለስንት ሰከንድ እንደተከፈተ)፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ስንት እንደነበረ እዩ ነው፣ ካሜራው ራሱ መዝግቦታል። ይሄን ትቶ ሌንሱን በሸሚዙ መጥረግ የሚጀምር አለ (በሸሚዝ አይጠረግም፣ ይጫጫራል)።

ነጩ ልብስ ግራጫ ሆነ፣ ፊት ጠቆረ

ምክንያት፦ ካሜራው ፊቱ የቆመው ሙሽራ ይሁን ግድግዳ አያውቅም። የብርሃን መለኪያው ያየው ነገር በሙሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚነሳው፣ 18 ፐርሰንት ብርሃን የሚመልስ ዓይነት ግራጫ። ስለዚህ ቬሎ ወይ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ፍሬሙን ከሞላው "ኧረ ብርሃን በዛ" ብሎ ይቀንሳል፣ ነጩ ይደበዝዛል የሙሽራዋም ፊት አብሮ ይጠቁራል። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ሲደረደሩ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ ሱፉ ግራጫ ሆኖ ግንባራቸው ይነጣል።

መፍትሄ፦ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን በተን ይዛችሁ ለነጭ ወደ +1፣ ለጥቁር ወደ -1 ውሰዱና አንድ አንስታችሁ እዩ። ስታዩ ግን በስክሪኑ አትታለሉ፣ ጨለማ ውስጥ ሁሉንም ደማቅ አድርጎ ነው የሚያሳያችሁ። ሂስቶግራሙን (ከግራ ጥቁሩን፣ ከቀኝ ነጩን የሚያሳየውን ግራፍ) አብሩት፣ ቀኝ ጫፍ ላይ ተከምሮ ከተቆረጠ ነጩ ተቃጥሏል።

ሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ጥላ ሆነ

ይሄ የኛ ከተማ በሽታ ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ማታ ማታ ፀሐይዋም የውሃው ነጸብራቅም ቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ነው የሚገቡት። የመጀመሪያ ሰርጌ ላይ (ያነሳሁት ማለቴ ነው፣ ያገባሁት አይደለም) ሙሽሮቹን 11 ሰዓት ላይ ውሃው ዳር አቁሜ ቀጭ ቀጭ ሳደርግ አመሸሁና ቤት ገብቼ ስከፍተው ሐይቁ ወርቅ መስሏል፣ ሙሽሮቹ ግን በከሰል የተሳሉ ናቸው፣ ቬሎውን ከሱፉ መለየት አይቻልም።

መፍትሄ፦ የብርሃን መለኪያውን ስፖት ላይ (ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካው ላይ) አድርጋችሁ ፊታቸው ላይ ለኩ፣ ወይ +1.5 ጨምሩና ውሃው ይንጣ፣ ሁለቱም ካማራችሁ ፍላሽ ጨምሩበት። ጠዋት ቢሆን ፀሐይ ከከተማው በኩል ወጥታ ፊታቸውን ታበራልን ነበር፣ ግን የትኛዋ ሙሽራ ናት በጠዋት ሐይቅ ዳር የምትመጣው።

ፎቶው ደበዘዘ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ሶስት የተለያየ ነገር ነው። ከሰውየው ኋላ ያለው ወንበር ጥርት ብሎ እሱ ብቻ ከደበዘዘ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ እጁና ትከሻው እንደ ጭራ ከተጎተተ እሱ ተንቀሳቅሷል፣ ካልተጎተተ ፎከሱ ወንበሩ ላይ ነው የያዘው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ የናንተ እጅ ነው።

ለእጅ፣ ሹተሩ ከሌንሱ ርዝመት በታች አይውረድ፣ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1/50 ሰከንድ፣ ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ለሆነ ካሜራ 1/80። ለሚጨፍር ሰው ግን ትራይፖድ ምንም አያደርግም፣ 1/250 እና ከዛ በላይ ነው። ከፎቶግራፍ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ዳጌር በ1838 (በፈረንጆች) ፓሪስ ላይ አንድ ትልቅ መንገድ ሲያነሳ ኤክስፖዠሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ደቂቃዎች ስለፈጀ ሰውና ጋሪ የሚርመሰመስበት መንገድ ባዶ ሆኖ ወጣ፣ የቀረው ቆሞ ጫማውን የሚያስጠርግ ሰውዬ ነው። ሊስትሮ ጋ የቆመ ብቻ ነው ፎቶ ውስጥ የገባው!

ሹተሩን ስታፈጥኑ የጎደለውን ብርሃን ከአፐርቸር ወይ ከአይኤስኦ ማምጣት ግድ ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ 55 ላይ ስታደርሱት ቀዳዳው ቢበዛ ኤፍ 5.6 ነው (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ተራው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ከሱ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፣ ስለዚህ ብር ካላችሁ ቦዲ (ካሜራውን ራሱን) ከመቀየር መጀመሪያ ይሄን ግዙ። አይኤስኦን ደግሞ አትፍሩ፣ 3200 ላይ በትክክል የተነሳ ፎቶ 400 ላይ ጠቁሮ ኮምፒውተር ላይ በግድ እንዲፈካ ከተደረገው ይሻላል፣ የባሰ ኖይዝ (አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ) የሚያመጣው እሱ ነው።

አዳራሽ ውስጥ ፎቶው ላይ መስመር መስመር መጣ

ካሜራው አልተበላሸም። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ዓይናችን ባያየውም ፈጣን ሹተር ይይዘዋል። 1/100 ወይ 1/50 አድርጉ፣ ድምፅ የሌለውን ኤሌክትሮኒክ ሹተርም አጥፉት። የዲጄው ኤልኢዲ ግን የራሱ ፍጥነት ስላለው እየሞከሩ መፈለግ ነው።

በፍላሽ ግማሹ ፎቶ ጥቁር ሆነ

ሹተሩ ፍላሹን ቀድሞታል። 1/200 አድርጉት፣ አለቀ።

ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥብ

ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ሴንሰሩ ላይ የተቀመጠ አቧራ ነው፣ ባጃጅ ላይ ሌንስ የሚቀይር ሰው ያውቀዋል። በኤፍ 16 ባዶ ሰማይ አንሱ፣ ሁሉም ይታያል። ካሜራውን ወደ ታች አዙራችሁ በጎማ መንፊያ ንፉት፣ በአፋችሁ ግን እፍ እንዳትሉ፣ አቧራው ይቀርና ምራቅ ይተካል።