የምድጃ ጭስ ማውጫ ለምታስገቡ

ጎንደር ላይ ብርዱን ለመከላከል ቤት ውስጥ የእንጨት ምድጃ ለማስገባት ላሰባችሁ፦ ከምድጃው በላይ የሚያሳስበው ቱቦው ነው፣ በተለይ ጣሪያውን አልፎ የሚወጣበት ቦታ። የብዙዎቻችን ቤት ወራጅና ማገሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የማዳበሪያ ኮርኒስ ተወጥሯል። ባለ አንድ ንብርብር ቱቦ በጋለ ቁጥር አጠገቡ ያለው እንጨት ቀስ እያለ ይከስላል፤ ከዚያ በትንሽ ሙቀት ይያያዛል። የእናቴን ቤት ኮርኒስ ከፍቼ ሳይ ማገሩ ጠቁሮ በጣቴ ስነካው ይፈረፈር ነበር። ቱቦው ከገባ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

ስለዚህ ከእንጨትና ከኮርኒስ 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ያን ያህል ቦታ ከሌለ ጣሪያውን የሚያልፈው ክፍል መሃሉ ሙቀት መከላከያ ያለው ባለ ሁለት ንብርብር ቱቦ ይሁን። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ለምድጃ ቱቦ አይሆንም፤ ሲግል መርዛማ ጭስ ያወጣል።

ሲገጣጠም የላይኛው ቱቦ ጫፍ ወደ ታችኛው ውስጥ ይግባ፤ ሬንጅ የሚመስለው ጥቁር ፈሳሽ ወደ ምድጃው ይመለሳል እንጂ ግድግዳ ላይ አይወርድም። በየመገጣጠሚያው ሦስት ብሎን ይበቃል። ጫፉ ከጣሪያው ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ክዳንም ይኑረው።

እባካችሁ ጥላሸቱን በየጊዜው ጥረጉ። ቱቦው ሲደፈን ወደ ቤት የሚመለሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃበትም።