ስለ ስኳር ሕመም መረጃና ድጋፍ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በዓመት ውስጥ ሐኪም ፊት የሚቀመጠው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ምን እንደሚበላ፣ መድኃኒቱን መቼ እንደሚወስድ፣ ስኳሩ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ራሱ ነው። ስለዚህ ትክክለኛ መረጃ ማግኘት የሕክምናው አንድ አካል ሲሆን፣ በፍለጋው ላይ የሚፈጸም ስህተትም ልክ እንደ መድኃኒት ስህተት ሊጎዳ ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የራስን የሕመም ዓይነት ሳያውቁ ምክር መቀበል ነው። በዓይነት 1 ሰውነት ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ራሱ ስለሚያጠፋቸው ታማሚው ያለ ኢንሱሊን መኖር አይችልም፤ በዓይነት 2 ግን ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል፣ ቆሽትም ቀስ በቀስ የሚበቃውን ያህል ማመንጨት ያቅተዋል። አንድ የዓይነት 2 ታማሚ ክብደቱን ቀንሶ በሐኪሙ ፈቃድ መድኃኒት ማቆሙን ቢናገር እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ይህንኑ ሰምቶ ኢንሱሊኑን የሚያቋርጥ የዓይነት 1 ታማሚ ግን በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ኬቶን የተባለው አሲድ በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ምክሩ ሐሰት አልነበረም፤ የተነገረው ለሌላ ሰው ነበር። ዓይነት 1 በልጅነት ብቻ የሚጀምር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በአዋቂዎችም ላይ ስለሚጀምር ዕድሜን አይቶ መገመት አይበቃም። ዓይነትዎን በእርግጠኝነት መናገር ካልቻሉ፣ ሌላ ነገር ከማንበብዎ በፊት ይህን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ቁጥርን ያለ መለኪያው ማንበብ ሌላው ስህተት ነው። የደም ስኳር በአንዳንድ አገሮች በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ በሌሎች ደግሞ በሚሊሞል በሊትር ይገለጻል፤ 7 ሚሊሞል ማለት 126 ሚሊግራም ነው፤ ማባዣው 18 ነው። ባዶ ሆድ የተለካን ስኳር ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ በመቶኛ ከሚያሳየው ምርመራ (HbA1c) ጋር ማደባለቅም የተለመደ ነው።

«ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል» መድኃኒት አለኝ የሚል ሰው በየቦታው ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ማስረጃው የዳኑ ሰዎች ምስክርነት፣ መጨረሻው ደግሞ ሽያጭ ነው። ጉዳዩን ውስብስብ የሚያደርገው ከጀርባው ቅንጣት እውነት መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የባለሙያዎች ስምምነት እንደሚለው፣ የዓይነት 2 ታማሚ ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት ካቆመ በኋላ በዚሁ የወራት አማካይ ምርመራ (HbA1c) ውጤቱ ቢያንስ ለሦስት ወር ከ6.5 በመቶ በታች ከቆየ ሕመሙ ጋብ ብሏል ይባላል። ጋብ ማለት ግን መዳን አይደለም፤ ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ይቀጥላል። ሻጩ የሚዘለው ይህንን ነው።

አስተማማኝ ምንጭ የያዙ ሰዎችም ቀኑን ሳያዩ ያነባሉ። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር የሕክምና መመሪያውን በየዓመቱ ያድሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም ጽሑፎቻቸውን ያሻሽላሉ። ከዐሥር ዓመት በፊት የታተመ በራሪ ወረቀት ከማን እንደወጣ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደወጣም ይታይ። ትምህርቱንም ሕመሙ በታወቀበት ሰሞን አንዴ ተምሬዋለሁ ብሎ መተው አይገባም፤ ባለሙያዎች በየዓመቱ፣ ተጓዳኝ ችግር ሲመጣና የኑሮ ወይም የሕክምና ለውጥ ሲኖር እንዲደገም ይመክራሉ።

የታማሚዎችን ማኅበር በተመለከተ ሰዎች ሁለት ተቃራኒ ስህተት ይሠራሉ። አንዳንዱ ጨርሶ ይሸሻል፤ በዚህም ከሕመሙ ጋር የሚመጣውን ድካምና መሰላቸት ሳይብራራለት የሚረዳለትን ሰው ያጣል። መርፌ አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ቆዳው አብጦ ኢንሱሊኑ በአግባቡ እንደማይሰርግ ያወቁት ከሐኪም ሳይሆን ከሌላ ታማሚ የሆኑ ጥቂት አይደሉም። ሌላው ደግሞ የጓደኛውን የኢንሱሊን መጠን ይቀዳል፤ የሰዎች ልምድ ለጥያቄ መነሻ ይሁን እንጂ የመድኃኒት ማዘዣ አይሁን።

በመጨረሻ የማነሣው ግን በእኔ እምነት እጅግ የሚዘነጋ ነው፤ መረጃውን ለራስ ብቻ መያዝ። ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች የወረደ ሰው ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ ንግግሩም ሊምታታ ስለሚችል፣ የተማረውን ማስታወስ የሚጠበቅበት ሰዓት ላይ ማስታወስ ያቅተዋል። አብረውት የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎች አስቀድመው ማወቅ ያለባቸው ይህ ነው፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሰርግ ስኳር ይሰጠው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፣ ካልተስተካከለም ይደገም። ራሱን ከሳተ ግን ምንም ነገር አፉ ውስጥ አይደረግ፤ በጎኑ ይተኛ፣ ግሉካጎን (የወረደውን ስኳር ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት) ካለና የሚያውቅበት ሰው ከተገኘ ይሰጠው፣ የድንገተኛ እርዳታም ወዲያውኑ ይጠራ።