የሞተር ጉልበት ለማሳደግ ወጪ ሲያሰሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱርቦውን ብቻ መተመን። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) ባልነበረው ሞተር ላይ ሊያስገጥም ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የቱርቦውን ዋጋ ነው። ኪስ የሚያራግፈው ግን ተከትሎ የሚመጣው ነው፦ ኢንተርኩለር (ከቱርቦ የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ)፣ የዘይት መግቢያና መመለሻ ቱቦ፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ኢንጀክተር (ነዳጅ ረጪ)፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ማስተካከያ፣ ብዙ ጊዜም ፍሪሲዮን። ኢንጀክተር ደግሞ በግምት አይገዛም። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.27 ኪሎ ያህል ቤንዚን ያቃጥላል። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር 300 የፈረስ ጉልበት እንዲያወጣ ከተፈለገ በሰዓት 81 ኪሎ፣ ለአንድ ኢንጀክተር 20 ኪሎ ይደርሳል። ኢንጀክተሩ ከ80 በመቶ በላይ እንዳይጨነቅ በደቂቃ 580 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚረጭ ያስፈልጋል። ባለ440 የገዛ ሁለቴ ይገዛል።

ሳይመረምሩ ዕቃ ማዘዝ። በቅድሚያ ኮምፕሬሽን (እያንዳንዱ ሲሊንደር አየር የሚጨምቅበትን ግፊት) ያስለኩ። በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ የበለጠ ልዩነት ከታየ፣ በጀቱ ከማሻሻያ በፊት ለእድሳት መዋል አለበት።

«ራሴ ከሠራሁት የዕቃ ዋጋ ብቻ ነው» ማለት። ሲሊንደር ማስፋት፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) ማስላጥና የቫልቭ መቀመጫ ማስተካከል የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። የኮምፒውተር ማስተካከያውም በዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ቢሠራ ይመረጣል። እነዚህ ራስዎ ቢሠሩም ጋራዥ ቢያሠሩም ስለሚከፈሉ ከንጽጽሩ ያውጧቸው፤ ለንጽጽር የሚቀረው የጋራዡ የእጅ ዋጋ ከመሣሪያው ጋር ነው። የሞተር ማንሻ መከራየት ይቻላል፤ ቶርክ መፍቻና ማይክሮሜትር ግን የራስ ቢሆኑ ይሻላል።

ፋሻን (የፒስቶን ቀለበትን) እንደመጣ መግጠም። ቤት ውስጥ ከሚሠራ ሁሉ ውዱ ስህተት ይኸ ነው። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገቡ፣ በፒስቶን ገፍተው ያስተካክሉት፣ የጫፎቹን ክፍተት በስፔሰር (ክፍተት በሚለኩ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች) ይለኩ። 86 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሲሊንደር፣ ያለ ቱርቦ 0.35 ገደማ የሚበቃው ክፍተት በቱርቦ 0.43 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ወሳኙ የፒስቶኑ አምራች ሰንጠረዥ ነው። ከጠበበ ጫፎቹ ሲግሉ ይገናኛሉ፣ ፋሻው መሄጃ ያጣል፣ የፒስቶኑ ጠርዝ ይሰበራል።

የቴስታታ ቡሎን መድገም። በቶርክ ከጠበቁ በኋላ በዲግሪ የሚዞሩት ሲጠብቁ ይለጠጣሉ። ከጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ከሚገባው ማሸጊያ) ጋር አዲስ ይተመኑ።

ከጋራዥ አንድ ድምር ብቻ መቀበል። ዘይት፣ ጓርኒሲዮንና ማስተካከያ መካተታቸውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ዕቃውን ራስዎ ገዝተው ካመጡ ብዙ ጋራዦች ዋስትና የሚሰጡት ለእጅ ሥራው ብቻ ነው፤ ዕቃው ከተበላሸ ሞተሩን ዳግም ለማውረድ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።